ሸክላው ላይ የተጫረው ቁጥር

ሰኔ ፲፫ ቀን ፲፱፻፴፰ ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ

ዝናቡ ዛሬ ጠና። ፊታውራሪ ካሴ አስጠሩኝ። በድል ዘመን ከጠላት ምሽግ ያመጡት ሳጥን አለ፤ ውስጡ አንድ በእጅ የሚዞር ግራሞፎንና ሠላሳ ያህል ሸክላ ነው። ጣራው አምስት ክረምት ሲያፈስበት ኖሮ በየሸክላው መካከል የተለጠፈው ወረቀት ተልጦ ከሳጥኑ ሥር ተከምሯል። የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

«ይሁኔ፣ ጎንደር የሸክላ ሱቅ ነበርህ አይደለም? ለይልኝ እስቲ» አሉ። «ልቅሶ ይሁን ዘፈን ሳላውቅ እንግዳ ፊት ከፍቼ አላፍርም።»

ጎንደር ያሉት ደስ አላለኝም። ሰው ተቀምጦ ነበር፣ ፈገግ ያለም አይቻለሁ። ጠላት ጎንደር በነበረ ጊዜ እኔ የግሪኩ የሙሴ ያኒ ዕቃ ሻጭ ነበርሁ። ዕቃ ሻጭ ማለት ዕቃ ሻጭ ነው፤ የሚገዛው ሰው ምን ዓይነት ቆብ እንዳደረገ አያይም። አሁን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ሰው ግን የዛሬን ትቶ የትናንትን ይጠይቃል።

ሰኔ ፲፮

ሥራውስ ደስ ይላል። ወረቀቱ ቢላጥም ሸክላ ስሙን አይረሳም። ዜማው ከሚያልቅበት ጭረትና ወረቀቱ ከነበረበት ቦታ መካከል ጣት የሚያህል ባዶ ቀለበት አለ። ሸክላውን ወደ መስኮት አዘንብሎ ብርሃን ሲያስተኙበት በመርፌ የተጫረ ቁጥር ይወጣል። ፋብሪካው ድምፅ በቀዳ ቁጥር በተራ የሚሰጠው ነው፣ ሁለት ዘፈን አንድ ቁጥር አይጋራም። ከሱ ቀጥላ ያለችው ትንሿ ቁጥር ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ ትናገራለች። አንድ ካለ በመጀመሪያው ተሳካ፣ ሁለት ካለ ዘፋኙ ደገመ ማለት ነው። አንዳንዱ ፋብሪካ ቀኑንም ይጭርበታል። ሙሴ ያኒ ያስተማረኝ ይኸንን ነው፤ ቀኑን እንኳ ገዢ ጠይቆት ስለማያውቅ ብዙ አላየነውም።

ካሣነሽ ሳዘነብልና ስገለብጥ አይታ ሳቀችብኝ። «የሚስትህን ፊት አንብበህ የማታውቅ፣ ከድንጋይ ላይ ታነባለህ?» አለች።

ሰኔ ፳፩፣ ማርያም

ዛሬ በፊታውራሪ ቤት የማርያም ጽዋ ነበር። የሆነውን ሁሉ እንደሆነ ልጻፍ።

ከምሳ በኋላ ግራሞፎኑን አስወጡ። ሞላውን አጠንክሬ ገና ያልለየኋትን አንዲት ሸክላ አስቀመጥሁ። መጀመሪያ አንድ ሰው ጮኾ «መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ዘቤተ ልሔም!» አለ። ቀጥሎ የቤተ ልሔሙ የድጓ መምህር፣ የኔታ ራሳቸው ከሸክላዋ ውስጥ ተሰሙ። ድምፃቸው የወጣት ድምፅ ነው፣ ግን እሳቸው ናቸው። ለንጉሥ ዕድሜ ይለምናሉ፣ ዘመኑ ይርዘም ይላሉ። የንጉሡን ስም አይጠሩም።

የኔታ የኔም መምህር ነበሩ። ድጓ ልማር ቤተ ልሔም ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ። «ጆሮ አለህ፣ ጉሮሮ የለህም፤ ሌላ እንጀራ ፈልግ» ብለው አሰናበቱኝ። ቂም የለኝም። እውነታቸውን ነው።

ዜማው ሲያልቅ አለበል ተነሣ። አለበል የባላምባራስ ጥጋቡ ልጅ ነው። ባላምባራስ በጠላት ጊዜ ከተሸሸጉበት ዋሻ ተይዘው በሠላሳ ዓመተ ምሕረት አርብ ገበያ ላይ ተሰቅለዋል። ዋሻውን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ አብረዋቸው ተሰቀሉ። ሦስተኛው ስንቅ የሚያቀብሉት የኔታ ነበሩ።

«የየትኛውን ንጉሥ ዕድሜ ነው የሚለምኑት?» አለ አለበል።

ከወዲያ ጥግ አንዱ «የጎንደሩ ሰው ይንገረን እንጂ! የነዚያን ሰዎች ዕቃ ከሱ በላይ ማን ያውቃል?» አለ። ሳቁ። ሸክላዋን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድሁ፣ አዘነበልሁ። ቁጥሩ 1422 ነው፣ ከአጠገቡ 2፣ ከሥሩ በጥቃቅን 26-3-29።

«ኅዳር ሃያ ስድስት ቀን ሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት» አልሁ፤ ድምፄንም ከፍ አድርጌ ነበር።

ሃያ ዘጠኝ ጠላት አዲስ አበባ የተቀመጠበት ዓመት ነው፤ ያኔ ንጉሥ ይባል የነበረውም የነሱ ነው። አንድ ሽማግሌ «እውነትም በሃያ ዘጠኝ የኔታ ቤተ ልሔም አልነበሩም። ዋልድባ ገባሁ ብለው ነው የመጡት» አሉ። አለበል ወደ እኔ ቀረበና ሁለት የሚለው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርሁት፤ ደግመው አዚመዋል ማለት ነው አልሁ።

«የተገደደ ሰው አንድ ጊዜ ይበቃው ነበር» አለ። «ሁለቴ ያዜመ ወዶ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጎንደርን ያነሣ አልነበረም። ፊታውራሪ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

እኔ የጨመርሁት የለም። የተጫረውን አነበብሁ።

ሰኔ ፳፮

ወሬው አርብ ገበያ ደርሷል አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከየኔታ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ጥለዋቸው ወጥተዋል። ለምነው የሚበሉ ልጆች ናቸው፣ «የባንዳ ተማሪ» እየተባሉ በየደጁ ማን ይሰጣቸዋል?

ሐምሌ ፭፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ

የቀሩትን ሸክላዎች ወደ ቤት አምጥቼ ስለይ ዋልሁ። አንዲት የዓረብ ዘፈን ያለባት አገኘሁ። ጭረቷን ሳየው እጁ ያው እጅ ነው፤ አራትን አናቱን ከፍቶ የሚጽፍ ሰው። ቁጥሯ 1431፣ ከጎኑ 1። ከሥሩ 31-3-29።

ኅዳር ሠላሳ አንድ።

በሻሽ ጠርጌ አየሁ። በጥላ አየሁ፣ በብርሃን አየሁ። ሠላሳ አንድ ነው። ኅዳር ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን እግዚአብሔር አልፈጠረም። የእኛ ወር ከሠላሳ አያልፍም፤ ሠላሳ አንድ ያለው የፈረንጅ ወር ነው። እንግዲያ ሦስት የተባለው ኅዳር አይደለም፣ የነሱ ማርች ነው። ሃያ ዘጠኝ የተባለውም የነሱ ሃያ ዘጠኝ ነው። በእኛ ሲቆጠር የየኔታ ሸክላ የተቀዳችው መጋቢት ፲፯ ቀን ፲፱፻፳፩ ነው። ጠላት ሊገባ ሰባት ዓመት ሲቀረው! ያ ዓመት የዛሬው ጃንሆይ ገና ንጉሥ የተባሉበት ነው። የኔታ ዕድሜ የለመኑት ለእሳቸው ነው።

ሸክላዋን በሻሹ ሸፈንኋት።

አማርኛ ለሚያዜም ሰው ቀኑ በፈረንጅ ይጫራል ብሎ ማን ያስባል? ያን ቀን እዚያ ከተቀመጠው ሁሉ አንድም ሰው አላሰበም። እነሱ ግን ሸክላ ሱቅ ሠርተው አያውቁም።

ነገ ለፊታውራሪ እነግራለሁ።

ሐምሌ ፮

ዝናብ። አልወጣሁም።

ሐምሌ ፱

ሄጄ ነበር። ፊታውራሪ ከእስቴ የመጡ እንግዶች ጋር ነበሩ። ገና ከበር ሳልገባ «ይኸውላችሁ፣ ድንጋይ የሚያናግረው ሰው!» ብለው አስተዋወቁኝ። እንግዶቹ ተነሥተው እጅ ነሡኝ። ሲሄዱ እናገራለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አላሰቡትም፤ እራት ቀረበ። ለፊታውራሪስ ቢሆን በእንግዳ ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለት እሳቸውን ማሳፈር ነው። ጽዋው የሳቸው፣ ቤቱ የሳቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እንግዲያ መቸኮልም አያስፈልግም።

ሐምሌ ፲፪

ለካሣነሽ ነገርኋት። መንገር አልነበረብኝም።

«ታዲያ ሂድና ተናገራ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም አልሁ። ሰው ሰኔ ላይ አንድ ቃል ተናግሮ ሐምሌ ላይ ሌላ ቢናገር ሁለቱንም የሚያምነው የለም። ደግሞ ይጠይቃሉ፣ አንተ የፈረንጅ ቀን እንዴት አወቅህ ይላሉ። እንደገና ጎንደር ትመጣለች። የሙሴ ያኒ ሱቅ፣ ማን ይገባ ነበር፣ ምን ታወሩ ነበር...

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሴት ወይዘሮ ናት፣ የአደባባይ ነገር አይገባትም።

ሐምሌ ፲፱፣ ገብርኤል

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አለበል ቆሞ ጠበቀኝ። እንዳየኝ ትከሻዬን ሳመ። በሕይወቴ እንዲህ ያከበረኝ ሰው የለም።

«ያባቴ ነገር ስምንት ዓመት ሲያንገበግበኝ ኖረ» አለ። «ማን እንደሆነ ሳላውቅ ከሰው ሁሉ ጋር እበላለሁ፣ እጠጣለሁ። የሸጠው ሰው ምናልባት አጉርሶኝ ይሆናል እላለሁ። አንተ ግን ገላገልኸኝ። ወንድሜ ነህ።»

ዓይኑን አየሁት። እንቅልፍ የተኛ ሰው ዓይን አይደለም።

«አለበል፣ ያ ቁጥር...» አልሁት።

«ምን ሆነ?»

«ቁጥር ብቻውን ምስክር አይሆንም ማለቴ ነው። ሽማግሌ ይጠየቅ፣ ዳኛ ይየው።»

«ያየኸውን አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ሃያ ዘጠኝ ይላል?»

«ይላል።»

«በቃ» አለ፣ ደግሞ ሳመኝና ሄደ። ይላል ስል አልዋሸሁም። እንዳይቸኩልም መክሬዋለሁ፤ ሽማግሌ ይጠየቅ ብያለሁ። ይኸ መመዝገብ አለበት።

ሐምሌ ፳፯

አለበል ጠመንጃውን አስወልውሎ ወደ ታች ወርዷል አሉ። ለአውሬ ይሆናል። በዚህ ወር ጅብ ከብት ይፈጃል።

ነሐሴ ፬

ፍልሰታ ከገባ አራተኛ ቀን ነው። ቆርጬ ተነሣሁ። ለየኔታ ራሳቸው እነግራለሁ፣ ከሰው አስቀድሞ ለባለቤቱ መንገር ይሻላል፤ እስኪጣራም ድረስ ዞር ይበሉ እላቸዋለሁ ብዬ የዓረቧን ሸክላ በጋቢ ጠቅልዬ ወጣሁ። ካሣነሽ ስንቅ ቋጠረችልኝ። ብዙ ጊዜ እንደዚህ በደስታ አልሸኘችኝም።

ወንዙ ሞልቷል። ውሃው ቀይ ነው፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ከዳር ተቀምጬ እስኪጎድል ጠበቅሁ። አንዲት ሴት ጨው ተሸክማ ከበላይ በኩል ስትሻገር አየሁ፤ ውሃው እስከ ወገቧ ነበር። እሷ ግን የወንዙ ዳር ሰው ናት፣ ለምዳዋለች። ሁለት ቄሶችም ተያይዘው አለፉ። «ና፣ እጅህን አምጣ!» ብለው ጠሩኝ። ሸክላ የያዘ ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ተመለስሁ።

ካሣነሽ ሳልበላ ያመጣሁትን ስንቅ ፈታችና ወደ መሶቡ መለሰችው።

ነሐሴ ፲፯

ጾሙ ተፈታ። ስለ የኔታ የተሰማ ክፉ ነገር የለም። እንዲያውም ለፍልሰታ ማኅሌት ቆመው ነበር አሉ። ሲቆሙ ካህናቱ ፊታቸውን አዙረውባቸዋል፤ ግን ማንም አልነካቸውም። ጊዜ ያበርደዋል ያልሁት ይኸንን ነው።

ነሐሴ ፲፱

የኔታ ሞቱ።

ትናንት ነው። ከጎጇቸው ደጅ ተቀምጠው ለቀሩት ተማሪዎች ዜማ ሲነግሩ ከቅጥሩ ውጭ ተተኮሰባቸው። አንዱን ቃል ጀምረው አልጨረሱትም አሉ። ተማሪዎቹ ገና ከእሳቸው ሰምተው የሚቀበሉ ናቸውና፣ ለትንፋሽ ያቆሙ መስሏቸው ቃሉ እስኪያልቅ ጠበቁ።

የተኮሰውን ያየ የለም። ሁሉም ያውቃል፣ ያየ ግን የለም።

ነሐሴ ፳፩

መብላት አልቻልሁም። በዚያ ጽዋ ላይ ከተቀመጠው ሁሉ ጥፋተኛው እኔ ብቻ ነኝ? ወዶ ነው ያለውን ትቶ ቁጥሩን ያነበበውን መውቀስ ነው? በቁጥር ሰው አይሞትም፣ በጥይት ነው የሚሞት። ጥይት ደግሞ የኔ አይደለም።

አለበል በአደባባይ ይሄዳል። የዘመድ ደም የመለሰ ሰው ነው ይሉታል፣ ከፊቱ ይነሡለታል። ዳኛው ገዳይ አልታወቀም ብሏል። የክሱን ቃል እኔው ጻፍሁ። «ገዳዩ ያልታወቀ» ብዬ ስጽፍ ጽሕፈቴ አምሮ ወጣ፤ ደንቆኛል።

ነሐሴ ፳፭

ቤተ ልሔም ላይ ካህናቱ ፍትሐቱን አሳጥረው ከአጥሩ ዳር ቀበሯቸው። ከመቃብሩ አፈር የጨመረ ጥቂት ነው። ተማሪዎቹ ተበትነዋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ዛሬ ደግሞ ሌላው የተሰቀለ ሁሉ በእሳቸው ይላከካል።

ጳጉሜን ፫፣ ሩፋኤል

ጠዋት በራችን ላይ አንዲት አሮጊት ቆማለች። ልብሷ እስከ ደረቷ ርሷል። የየኔታ ባለቤት፣ እሜቴ ወለተ ሥላሴ ናቸው።

«ወንዙን እንዴት ተሻገሩት?» አልኋቸው።

«እንደ ሰው ሁሉ ተሻገርሁት» አሉ።

ካሣነሽ እግራቸውን አጠበች። ከእሳቱ ዳር ተቀመጡ። አላለቀሱም፣ አልረገሙኝም። የነጠላቸውን ጫፍ ጨምቀው እንዲህ አሉ፤

«ልጄ ይሁኔ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። አንተ የተጻፈውን አነበብህ አሉኝ፣ ያነበበ ሰው ጥፋት የለበትም። ግን እኔ እዚያ ነበርሁ። ጃንሆይ ንጉሥ የተባሉ ጊዜ እኔና የኔታ ከደብሩ አለቃ ጋር ለበዓሉ አዲስ አበባ ወርደን፣ ተቀምጠን ከረምን። ሁለተኛ ልጄን ያረገዝሁት ያኔ ነው። መጋቢት ላይ አንድ ፈረንጅ በትልቅ ቀንድ ውስጥ አዚሙ አላቸው። ሲያዜሙ ሳል ያዛቸው። ፈረንጁ እጁን አወናጨፈ፣ ድምፅ የሚቀዳበት ሰም ተበላሸ አለ፤ ድገሙ አላቸው። ደገሙ። ሁለቴ የሆነው በሳል ነው፣ ልጄ። ወደው አይደለም፣ ተገደውም አይደለም።»

«በሃያ ዘጠኝስ የት ነበሩ?» አልሁ። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

«ዋልድባ። እግራቸው ቆስሎ ነው የመጡ። እኔ ነኝ ያጠብሁት።»

ካሣነሽ አንገቷን ደፍታ እኔን አታይም።

«እኔ ብናገር ሚስት ናት ይላሉ» አሉ እሜቴ። «አንተ ብትናገር ግን ይሰማሉ። መስከረም ሃያ ሁለት አርባቸው ነው። የሚመጣ ሰው ካለ አበላለሁ። መጥተህ እንደገና አይቼዋለሁ፣ ያኔ አይደለም በል። ሌላ አልፈልግም፤ ደም አልፈልግም። ስማቸው ብቻ ከአጥሩ ዳር ይነሣ።»

«ሸክላውን ደግሜ ልየውና» አልኋቸው።

«እይ፣ እይ ልጄ። እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። አልቻልሁም፣ ተነሥቼ ወጣሁ።

ጳጉሜን ፬

የዓረቧ ሸክላ ተሰበረች። ወደ መስኮቱ ሳዘነብላት ከእጄ አመለጠች። ሸክላ እንዲህ ነው፣ ለምንም አይመችም። ቁጥሩ ያለበት ክፍል ደግሞ ደቀቀ፣ አይነበብም።

ካሣነሽ ከደጅ ገብታ ስብርባሪውን አየች። «ስኒ እንኳ ጥለህ የማታውቅ» አለች። መጥረጊያ አምጥታ ጠረገችው።

መስከረም ፩ ቀን ፲፱፻፴፱ ዓ.ም.

ዘመነ ሉቃስ ገባ። ልጆች አበባ ይዘው መጥተው ነበር። ካሣነሽ አልከፈተችላቸውም።

መስከረም ፲፬

ቢሆንም እናገራለሁ። ማስረጃ ባይኖርም ቃሌ አለ። እንዲህ እላለሁ፤ «ወገኖቼ፣ ያን ቀን በፈረንጅ የተጫረውን በእኛ አንብቤው ነበር።» አጭር ነው። መንገድ ለመንገድ ደጋግሜ ብየዋለሁ፣ አይከብድም።

መስከረም ፳

ፊታውራሪ አስጠርተው ከሲማዳ የመጣ ሌላ ሳጥን አሳዩኝ። «የታመነ አንባቢ አንተ ነህ» አሉ። ጥጉ ላይ አለበል ነበር። ጠመንጃው ከጉልበቱ ላይ። «ለአርባው ትወርዳለህ አሉ» አለኝ። «ለነፍስ ነው» አልሁ። «እኔም እወርዳለሁ» አለ።

መስከረም ፳፪፣ ቤተ ልሔም

ይኸን የምጽፈው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ሰው ሁሉ ሄዷል።

የመጣው ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ጎረቤት፣ አንድ ቄስ፣ ከተማሪዎቹ ሁለት። እሜቴ ወለተ ሥላሴ ያላቸውን ሁሉ አቅርበው ነበር። አብዛኛው ሳይነካ ቀረ። አለበል ከቅጥሩ በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚጎርስ ያያል።

እሜቴ እጄን ይዘው ወደ መካከል አመጡኝ። «ይኸ ልጅ የሚናገረው አለው፣ ስሙት» አሉ። እጃቸው ሸካራና ሞቃት ነበር። ጎንበስ ያለው ቄስ ቀና አለ። ከተማሪዎቹ ትልቁ ተነሥቶ ቆመ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፣ ወገኖቼ የሚለው። እምላለሁ፣ አፌ ላይ ነበር።

አለበል ከበሩ ሆኖ «ሸክላውን ያነበብኸው አንተ ነህ፣ አይደለም?» አለ። ረጋ ብሎ ነው የጠየቀኝ፣ ወንድም ወንድሙን እንደሚጠይቅ። ያን ጊዜ ገባኝ። ያኔ አይደለም ብል እሱ ንጹሕ ሰው የገደለ ሊሆን ነው፤ ያስገደለው ደግሞ እኔ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«ምን ይላል?»

«ሃያ ዘጠኝ ይላል።»

የእሜቴ እጅ ከእጄ ወጣ። ተማሪው ተመልሶ ተቀመጠ። እሜቴ ብዙ አዩኝ፤ የተቆጣ ፊት አልነበረም፣ ቢቆጡ በወደድሁ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉና ለሁሉም እንዲሰማ አሉ፤

«ይሁን። እኔ ማንበብ አልችልም። አንተ እሳቸውን እንዳነበብሃቸው፣ እግዚአብሔር አንተን ያንብብህ።»

ማዕድ ላይ እጅ ተዘርግቶ ቃል ሲወጣ አሜን ማለት ልማድ ነው። የተቀመጠው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አልሁ።